ዋቸሞ ይሻላል ወይስ የካቲት? ወይስ እዚሁ?

ሰሞኑን አንድ አባት ዳምቦያ ገበያ ላይ አስቁመውኝ «መምህር፣ ልጄ 8ኛን አልፏል። ሆሳዕና ቤት ተከራይቼለት ዋቸሞ ላስገባው ወይስ የካቲት? ወይስ እዚሁ ይማር?» አሉኝ። ቆሜ የምመልሰው ነገር አልሆነልኝም። «ጋሼ፣ አስቤበት እነግርዎታለሁ» ብዬ ተለየኋቸው። ጥያቄው የብዙ ወላጅ ስለሆነ ያሰብኩትን እዚህ ልጻፈው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ከስሞቹ እንጀምር። ዋቸሞ ሆሳዕና የዛሬ ስሟን ከማግኘቷ በፊት የምትጠራበት ስም ነው። የካቲት 25/67 ደግሞ ቀን ነው፤ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31/1967 የወጣበት ዕለት። አንዱ ስም የአገሩን ጥንት ይዟል፣ ሌላው አብዮቱን። ዛሬ በከተማዋ ሌሎችም የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አሉ። «የትኛው ይበልጣል?» የሚለው ክርክር ግን ውጤት በወጣ ቁጥር እንደ አዲስ ይነሳል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የምናወዳድርበት ሚዛን ራሱ ሲቀያየር ነው የኖረው።

በንጉሡና በደርግ ጊዜ ሚዛኑ የ12ኛ ክፍል ማትሪክ ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በየወረዳው አልነበረም። የገጠር ልጅ ቆጮውን ስንቅ ይዞ፣ ከተማ ቤት ተከራይቶ ነው የሚማረው። በየደረጃው ፈተና እያበጠረው 12ኛ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ታዲያ «የድሮ ትምህርት ቤት ጎበዝ ነበር» ስንል ተማሪው ገና ከመግባቱ ተመርጦ እንደነበር እንረሳለን።

ከ1993 ጀምሮ ነገሩ ተለወጠ። አገር አቀፉ ፈተና 10ኛ ላይ መጣ፣ 11ኛና 12ኛ መሰናዶ ተባለ። መሰናዶ ያለው ትምህርት ቤት «ትልቅ» ሆነ። የሌለው ግን ጎበዞቹን 10ኛ ላይ እየሸኘ «ትንሽ» ተባለ። እኔ የዚያ ሚዛን ልጅ ነኝ። 10ኛ ተፈትኜ ለመሰናዶ ነጥብ አልሞላልኝም፤ ኮሌጅ ገብቼ በዲፕሎማ ወጣሁ። የዚያን ዓመት መሰናዶ ስንት አስገባ ተብሎ ሲቆጠር እኔ ካልገቡት ውስጥ ነበርኩ። ግን መምህሮቼ ሥራቸውን አልሠሩም ነበር እንዴ? ዛሬ ቾክ ይዤ የምቆመው በእነሱ ነው እኮ!

የ10ኛ ፈተና ከ2012 ጀምሮ ቀረ። ከዚያ ትልቁ ድንጋጤ መጣ። የ2014 ተፈታኞች ጥቅምት 2015 ላይ በየዩኒቨርሲቲው ገብተው ተፈተኑ። ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ፣ ከዚያ 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4። መምህሩ ያው፣ ግድግዳው ያው። ግን ትናንት «አንደኛ» የተባለው ስንቱ አንገቱን ደፋ? ስለዚህ የድሮው ደረጃችን ምን ያህል እውነት እንደነበር ራሳችንን መጠየቅ አለብን።

አሁን ደግሞ ተማሪ በፈተና መርጠው የሚወስዱ አዳሪ ትምህርት ቤቶች በየቦታው ተከፍተዋል። መኖራቸው ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። ግን እነሱን ከወረዳ ትምህርት ቤት ጋር አንድ መስመር ላይ አስቀምጦ ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ነው። ለምሳሌ አንዱ ሲገባ 80 የነበረውን ልጅ 75 አድርጎ አስወጣ እንበል። ሌላው 25 የነበረውን 45 አደረሰ። በማለፊያው ሚዛን የመጀመሪያው «አሳለፈ»፣ ሁለተኛው «ዜሮ» ነው። የትኛው ነው ያስተማረው?

ዳምቦያም ያለው ታሪክ ይሄው ነው። አቅም ያለው ወላጅ ጎበዝ ልጁን ወደ ዱራሜ ወይ ወደ ሆሳዕና ይልካል። የቀሩትን እኛ እናስተምራለን። በዓመቱ መጨረሻ «እዚህማ ምን ተማሪ አለ» እንባላለን። ይህን የሰማ ልጅ ደግሞ ደብተሩን ትቶ ልቡ ደቡብ አፍሪካ ይሄዳል። ስንቱን እንዲህ ሸኘን!

ጥፋት የለብንም እያልኩ አይደለም። የሚቀር መምህር አለ፣ ተቆልፎ የሚከርም ላብራቶሪ አለ። እሱን ጠይቁን። ግን በትክክለኛው ጥያቄ ጠይቁን።

ጋሼ፣ እንግዲህ መልሴ ይኸው። ስም አይጠይቁ። የትም ይሂዱ፣ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ 9ኛ ከገቡት ውስጥ 12ኛ የደረሱት ስንት ናቸው? የሒሳብና የፊዚክስ መምህር ዓመቱን ሙሉ ክፍል ይገባል? መጽሐፍ ለስንት ልጅ አንድ ይደርሳል? አራተኛውን ለራስዎ ይጠይቁ፦ የ15 ዓመት ልጅ ብቻውን ተከራይቶ፣ ራሱ አብስሎ፣ ማን «አጥና» ይለዋል? ለቤት ኪራይ ያሰቡት ገንዘብ እዚህ መጽሐፍና መብራት ቢሆንለትስ?

ውሳኔው የእርስዎ ነው። እዚሁ ካስቀሩት ግን እኔም ኃላፊነት አለብኝ፤ መስከረም ላይ ክፍል እጠብቀዋለሁ።

የድሮ ተማሪዎቼ፣ እናንተም ጻፉልኝ። ትምህርት ቤታችሁ ስንተኛ እንደወጣ ሳይሆን፣ ስትገቡ ያልነበራችሁ ስትወጡ ያገኛችሁት ነገር ምንድነው?