ሞተር የታሰረላት ብስክሌት

ደጀን ላይ ብስክሌትና የውኃ መሳቢያ ሞተር እጠግናለሁ። የመስኖ ወራት ሲገባ ሁለቱም ደጄ ላይ አብረው ይደረደራሉ። ጎን ለጎን ያየ ጎረምሳ ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ይችን ሞተር እዚች ላይ ብናስራትስ?» እንደ ቀልድ አልሰማውም። ይኸንኑ ጠይቀው የሠሩ ሰዎች አሉና ታሪካቸውን ቁጭ አድርጌ እነግራቸዋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1946 ጃፓን በጦርነት ተሸንፋ፣ ከተሞቿ ተቃጥለው፣ ቤንዚን በራሽን ነበር። ሐማማትሱ በምትባል ከተማ ሶይቺሮ ሆንዳ የሚባል መካኒክ ወዳጁ ቤት አንዲት ትንሽ ሞተር አየ፤ ለሠራዊቱ የሬዲዮ ጄኔሬተር ማንቀሳቀሻ የተሠራች ነበረች። ወስዶ ብስክሌት ላይ አሰራት። ለመጀመሪያዋ የነዳጅ መያዣ ያደረገው በብርድ ጊዜ አልጋ የሚሞቅበትን የሙቅ ውኃ ዕቃ ነው። ባለቤቱ ሳቺ ለቤቱ ቀለብ ፍለጋ ሩቅ ድረስ ፔዳል እየመታች ትመላለስ ስለነበር፣ ሰው በሞላበት አውራ ጎዳና ላይ ነድታ የሞከረችውም እሷ ናት። እኔ ይህን ታሪክ የምወድደው በእሷ ምክንያት ነው። ሞተሯ የታሰረችው ለውድድር አልነበረም፤ የደከመችን እናት እግር ለማሳረፍ ነበር። ቤንዚን ስለማይበቃ ከጥድ ሥር የሚወጣ ዘይት እየቀላቀሉ ይነዱ ነበር። ከጦር ሠራዊቱ የተረፉት 500 ያህል ሞተሮች ሲያልቁ ሆንዳ በ1947 የራሱን 50 ሲሲ ሞተር ሠራ፤ ኩባንያው የተቋቋመው በዓመቱ ነው።

ጣሊያንም ያው ነበረች። ቱሪን ውስጥ ኩቾሎ የተባለች 48 ሲሲ ባለ አራት ምት ሞተር ተፈለሰፈች፤ ማንም ሰው በነበረችው ብስክሌት ላይ ሊያስራት ይችላል። ዱካቲ ያን ጊዜ የሬዲዮ ዕቃ ፋብሪካ ነበር። በ1944 በቦምብ ከፈረሰ በኋላ ቆይቶ ኩቾሎን ማምረት ያዘ፤ የሞተር ብስክሌት ሥራው የተጀመረው በዚህች ነው።

እነዚህ ሁለት አገሮች ለደጀን ሰው ባዕድ አይደሉም። ከደጀን በታች ያለውን የአባይ በረሃ የሚያቋርጠውን የመኪና መንገድ የቀየሰችው ጣሊያን ናት፤ በወረራው ዘመን፣ ለጦሯ ብላ። እ.ኤ.አ. በ2008 የተመረቀውን በወንዙ ላይ ያለውን የህዳሴ ድልድይ ደግሞ የሠራችልን ጃፓን ናት። እዚህ የማገጣጥማቸው የቻይና የውኃ ሞተሮች እንኳ አብዛኞቹ ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ካወጣው ጂኤክስ ከሚባለው ሞተር የተቀዱ ናቸው። ከጦር ሜዳ የተረፈች ሞተር ብስክሌት ላይ ያሰረ ሰው ያቆመው ቤት፣ ዛሬ ሽንኩርታችንን ያጠጣል።

የጎረምሶቹ ጥያቄ ግን መልስ ይፈልጋልና ወደ በረሃው ልመለስ። ከድልድዩ እስከ ደጀን ከተማ ሽቅብ 1300 ሜትር ያህል ነው። ሰውየው፣ ብስክሌቱና ጭነቱ አንድ ላይ 90 ኪሎ ቢመዝኑ፣ ጤነኛ ሰው ሳያቋርጥ የሚያወጣው ጉልበት 100 ዋት ገደማ ስለሆነ፣ ዳገቱ ብቻ ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጅበታል፤ ያውም በዚያ ሙቀት። አንድ የፈረስ ጉልበት 750 ዋት ገደማ ነው። ስለዚህ እንደ ኩቾሎ ያለች ሚጢጢ ሞተር እንኳ የብዙ ሰው እግር ታህላለች።

ይሁንና የሐማማትሱና የቱሪን ሰዎች ያልገጠማቸው ነገር እዚህ አለ። ደጀን ከባሕር ጠለል ከ2400 ሜትር በላይ ነች፤ አየሩ ስስ በመሆኑ ሞተር ከጉልበቷ ሩብ ያህሉን ታጣለች። ታች ወንዙ ዳር በደንብ የተስተካከለ ካርቡራቶር እላይ ሲደርስ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሞተሯ ታጉረመርማለች። ጂግለሩን በትንሹ የሚለውጥ ሰው ያስፈልጋል።

እኔን የሚያስፈራኝ ግን ዳገቱ ሳይሆን ቁልቁለቱ ነው። የውኃ ሞተር 163 ሲሲ ሆና 15 ኪሎ ትመዝናለች፤ አንድ ቦታ ቆማ ውኃ እንድትስብ ስለተሠራች ፍሪሲዮን የላትም። የብስክሌት ፍሬን ደግሞ የጎማውን ብረት የሚይዝ ላስቲክ ነው። ያን ሁሉ ጠመዝማዛ ሲጨብጡት ብረቱ ይግላል፣ ካላማዳሪያው ይፈነዳል፤ ከኋላ ደግሞ የከባድ መኪና ተሳቢ ይመጣል። ስለዚህ ለበረሃው የሚሆን ሥሩልኝ ያለኝን ልጅ ሁሉ እምቢ ብዬ መልሻለሁ፤ ወደፊትም እመልሳለሁ።

ወደ ቢቸናና ወደ ሞጣ ለሚወስደው መንገድ ከሆነ ግን መልሴ ሌላ ነው። መሬቱ ከበረሃው ጋር ሲነጻጸር ሜዳ ነው፤ እህል ይዞ ገበያ የሚሄደው ሰውም ብዙ ነው። 50 ሲሲ ሞተር፣ ሴንትሪፉጋል ፍሪሲዮን፣ ከሞተር ብስክሌት የተፈታ የከበሮ ፍሬን፣ የወፈረ ፎርኬታ፤ ይህን ይዞ ለሚመጣ ልጅ በሬ ክፍት ነው፤ ብየዳውን እኔው እይዝለታለሁ።