በአንድ ስም የኖሩ ሁለት የሙዝ ቢራቢሮዎች

በደቡብ ምሥራቅ እስያ የሙዝ ማሳ ውስጥ ቅጠል እንደ ብራና ተጠቅልሎ ሲንጠለጠል፣ ገበሬው የጥፋቱን ባለቤት ወዲያው ያውቀዋል። ሊቃውንት ግን የዚህን ተባይ ማንነት አጣርተው ለመለየት ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ ወስዶባቸዋል።

ካርል ሊኔየስ ቢራቢሮውን ፓፒሊዮ ትራክስ ብሎ የሰየመው በ1767 (እ.ኤ.አ.) ነበር። ኋላም ኤሪዮኖታ ትራክስ ተብሎ፣ ሄስፔሪዴ ከሚባለው ፈጣን በራሪ ቤተሰብ ተመደበ። ዓይኑ ቀይ፣ ክንፉ ቡናማ ሆኖ ቢጫማ ነጠብጣብ ያለበት ሲሆን፣ የሚበረው በአብዛኛው በምሽትና በንጋት ጭለማ ነው።

እንስቷ ቢጫ እንቁላሎቿን በሙዝ ቅጠል ላይ ትጥላለች፤ እነርሱም እያደር ይቀላሉ። የተፈለፈለው አባጨጓሬ ቅጠሉን ከጠርዙ ወደ ውስጥ ቆርጦ ይጠቀልልና በጥቅሉ ውስጥ ተሸሽጎ ይመገባል። ሲያድግ ሰውነቱን ነጭ የሰም ዱቄት ይሸፍነዋል። ፒዩፓ ወደሚባለው የዕረፍት ደረጃ የሚሸጋገረውም በዚያው ጥቅል ውስጥ ነው። ከእንቁላል እስከ ቢራቢሮ ያለው ዘመን አምስት ወይም ስድስት ሳምንት ያህል ነው።

ይህ ሁሉ ሲታወቅ ስሙ የተጣራ መስሎ ነበር። ይሁን እንጂ በ1941 ዊሊያም ሃሪ ኢቫንስ የተባሉት እንግሊዛዊ የቢራቢሮ ሊቅ ኤሪዮኖታ ቶረስ የተባለ ሌላ ዝርያ ገለጹ። የሁለቱ አኗኗር ተመሳሳይ ነው፤ የቶረስ የፊት ክንፍ ጫፍ ከትራክስ ይልቅ ክብ ቢሆንም፣ አስተማማኙ መለያ በወንዱ የመራቢያ አካል ቅርጽ ላይ ይገኛል።

የልዩነቱ ክብደት የታየው ተባዩ ባሕር ሲሻገር ነው። በ1973 በሃዋይ የታየው ትራክስ ነበር። በ1970 አካባቢ ሞሪሽየስ የደረሰውም በትራክስ ስም ተመዝግቦ፣ በዚሁ ስም የጥገኛ ተርቦች ዘመቻ ተካሄደበት፤ ኋላ ሲመረመር ግን ቶረስ ሆኖ ተገኘ። ማቲው ኮክ በ2015 ያሳተሙት ሰፊ ግምገማም ይህን መሰሉን የስም መደባለቅ ለይቶ አሳይቷል።

የተባይ መነሻ አገርና የተፈጥሮ ጠላቶቹ የሚፈለጉት በስሙ ነው። ስሙ ሲሳሳት ፍለጋውም መንገድ ይስታል። ስለዚህ በሙዚየም መሳቢያ የተቀመጠ አንድ ደረቅ ወንድ ቢራቢሮ፣ ከማሳው ጥቅል ቅጠል ባልተናነሰ የገበሬው ጉዳይ ነው።