ደን በመቶኛ፣ እንጨት በትከሻ

የሁለት መንግሥታትን የእንጨት ንግድ ማነጻጸር የሚሻ ሰው የጉምሩክ መዝገብ ይገልጣል፡፡ የቆቦንና የራያን ቆላ የእንጨት ንግድ ላጥና ቢል ግን የሚገልጠው መዝገብ የለም፡፡ እዚህ የሚገበያዩት ‹‹ሁለት አገሮች›› ደጋና ቆላ ናቸው፡፡ በምዕራብ የላስታ ተራሮች፣ በምሥራቅ ዞብል፣ በመካከላቸው የማሽላው ሜዳ፡፡ አጠናው በሰው ትከሻና በአህያ ጀርባ ከደጋ ሲወርድ የሚቆጥረው ጉምሩክ የለም፡፡

መዝገብ በሌለበት ግምት ይነግሣል፡፡ ‹‹የኢትዮጵያ ደን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ 40 ከመቶ ነበር፤ ኋላ ወደ 3 ከመቶ ወረደ›› የሚለውን ያልሰማ ማን አለ? በዚያ ዘመን ግን የአገሪቱን ደን የለካ ሰው አልነበረም፡፡ ቁጥሩ ለክርክር ብቻ አልቀረም፡፡ በ1977 ዓ.ም. ብዙ የወሎ ሕዝብ ከቀዬው ተነሥቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲሰፍር፣ መሬቱ ተራቁቷል የሚለው ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ ነበር፡፡ ጥፋቱም በገበሬው መጥረቢያ ላይ ተላከከ፡፡

ሌላ ምስክር ግን አለ፤ ፎቶግራፍ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ከራያ ቆላ በላይ ባለው በአሸንጌ ሐይቅ በኩል ሲያልፍ፣ ፎቶግራፍ አንሺዎች አብረውት ነበሩ፡፡ ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ ከ140 ዓመት በኋላ የዘመቻውን ሥዕሎች ይዘው በየቦታው ቆሙ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳሳተሙት፣ ተዳፋቱ ያኔም ተራቁቶ ነበር፤ በአብዛኛው ቦታ የዛሬው የዕፅዋት ሽፋን ይሻላል፡፡ የታሪክ ምሁሩ ዶናልድ ክራሚም እ.ኤ.አ. በ1937 በወሎ የተነሡ ፎቶግራፎችን ከ60 ዓመት በኋላ ከየቦታቸው ጋር አስተያየ፡፡ በአብዛኞቹ ያገኘው ከቀድሞው የበዛ ዛፍ ነው፡፡ ተካዩ ማን ነው ቢሉ፣ ያው የተከሰሰው ገበሬ!

ታዲያ የጠፋ ነገር የለም ማለት ነውን? አይደለም፡፡ የበዛው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፡፡ የሳሳው ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባና ዋንዛ ነው፡፡ በላስታ ዋሻ ውስጥ የቆመው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ድንጋይና እንጨት እየተደራረበ የተሠራ ነው፤ ስምንት መቶ ዓመት ገደማ ሆኖታል፡፡ ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመታት ለአጠና ይደርሳል፤ ጽድ ግን የልጅ ልጅ ይጠብቃል፡፡ ከኮረም አጠገብ ያለው የሁጉምቡርዳ ደን ጽድና ወይራን ከያዙት ጥቂት ቅሪቶች አንዱ ነው፡፡ እንግዲህ ዛፉ ቢቆጠር በዝቷል፤ ዓይነቱ ቢታይ ግን ተመናምኗል፡፡ ‹‹ስንት ከመቶ?›› የሚለው ጥያቄ ይህን አይለይም፡፡

ሌላም የማይለየው አለ፤ ባለቤቱን፡፡ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ፣ በዘመቻና በምግብ ለሥራ የተተከለው የማኅበር ደን በብዙ ቦታ ተጨፈጨፈ፡፡ ገበሬው በጓሮው የተከለውን ግን እንደ ልጁ ጠበቀው፡፡ ወይራና ጽድ እንዲመለሱ የሚሻ ሁሉ፣ ችግኝ ከመቁጠሩ በፊት፣ መቶ ዓመት የሚጠብቀው ዛፍ የማን እንደሚሆን ለገበሬው ይንገረው፡፡