የካርቱም አቧራና የመኪናችን ክሮም

ካርቱም ውስጥ የነጋዴ መኪና ሲገመት መጀመሪያ የሚታየው ሞተሩ አልነበረም። ፓራውልቱና ቸርኬው ነበር። ገዳሪፍ ለሰሊጥ፣ ኦምዱርማን ለጨርቅ ስንሄድ ዱቤ የሚሰጠን ሰው ሻይ ሳይቀርብ መኪናችንን አንድ ዙር ይዞራል። ኮፓው ከጎደለ ወይም ፓራውልቱ ከዛገ ነገሩ በዋጋው ላይ ይሰማል። ደብተር አይቶ ከሚያበድረው ይልቅ ኮፓ አይቶ የሚያበድረው ይበዛ ነበር ብንል ብዙ አልተጋነነም። ስለዚህ የዚህን ብርሃን ታሪክ ማወቅ ለእኛ ለነጋዴዎች የሒሳብ ጉዳይ ነው።

መጀመሪያ ክሮም የሚባል ነገር መኪና ላይ አልነበረም። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ለአፄ ምኒልክ መኪና ነድቶ አዲስ አበባ ሲገባ፣ የዚያ ዘመን መኪኖች መብራታቸውና የራዲያተራቸው ዙሪያ ባብዛኛው ናስ ነበር። ናስ በየቀኑ ካልተወለወለ ይጠቁራል። ብራሶ እንግሊዝ አገር ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው፤ የወታደር ቁልፍም የመኪና መብራትም የሚታሸው በእሱ ነበር። እንግሊዞች በሚያስተዳድሯት ካርቱም ማለዳ ናስ መወልወል የአገልጋይ ሥራ ሆኖ ቆየ። ከናስ በኋላ ኒኬል መጣ፤ እሱም ውሎ አድሮ ይደበዝዛል። ክሮም በፋብሪካ ደረጃ መኪና ላይ መቀባት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ማብቂያ ነው። ዐረብኛ ተናጋሪ መካኒኮች ግን ዛሬም ክሮሙን «ኒክል» ይሉታል፤ ዕቃው ተለውጦ ስሙ ቀረ።

ስም ካነሳን አይቀር፣ እኛ ቸርኬ፣ ኮፓ፣ ፓራውልት፣ ስፖኪዮ የምንለው ሁሉ ከጣልያን የወረስነው ነው። ድንበሩን ተሻግረን ካርቱም ስንደርስ ቸርኬው «ጀንጥ» ይሆናል፤ እሱም ሥሩ ፈረንሳይኛ ነው። አዲስ የመጣ ነጋዴ መለዋወጫ ሱቅ ገብቶ ቸርኬ ብሎ ሲጠይቅ ባለሱቁ ዝም ብሎ ያየዋል።

ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1956 ነፃ ከወጣች በኋላ በነበሩት አሥርተ ዓመታት የአገሪቱን ጭነት የተሸከመው ቤድፎርድ ሎሪ ነበር። ሻንሲው ከእንግሊዝ ይመጣል፤ የእንጨትና የብረት ካሮሴሪውን የአገሩ ባለሙያ ይሠራዋል፣ ይቀባዋል፣ ያስጌጠዋል። ከተማ ውስጥ ደግሞ ቢጫዎቹ ሂልማን ታክሲዎች ነበሩ። እነዚያ መኪኖች ስንት ዘመን ከሠሩ በኋላ እንኳ ፓራውልታቸው ብዙም ሳይዝግ ይታይ ነበር። ምክንያቱን ብዙ ሰው ለባለቤቱ ጉብዝና ይሰጠዋል፤ እውነቱ ግን አየሩ ነው። የካርቱም አየር አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ስለሆነ ዝገት አይቸኩልም። ያው መኪና ፖርት ሱዳን ቢውል የቀይ ባሕር ጨው በጥቂት ዓመት ይበላው ነበር።

የካርቱም ጠላት ሌላ ነው፤ እሱም ሀቡብ ነው። ሀቡብ የሚያመጣው አሸዋ አብዛኛው ኳርትዝ ነው። በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ ኳርትዝ 7 ሲሆን አሉሚኒየም 3 ገደማ ነው፤ የማይዝገው ብረት እንኳ ከኳርትዝ ይለሰልሳል። ክሮም ብቻ ከ8 በላይ ሆኖ አሸዋውን ይቋቋማል፤ ግን በጣም ስስ ነው። የፓራውልት ክሮም ብዙውን ጊዜ ከአንድ ማይክሮን ያነሰ ውፍረት አለው፤ የሰው ፀጉር ከ50 ማይክሮን በላይ ነው። ውበቱን የሚሰጠውና ብረቱን ከዝገት የሚከልለው በዋናነት ከሥሩ ያለው ኒኬል ነው። እንግዲህ በየጠዋቱ በደረቅ ጨርቅና በሚፋቅ ቅባት የሚታሸው ፓራውልት ምን እንደሚሆን አስቡት። መወልወል ማለት መፋቅ ነው፤ የዛሬው ብርሃን ከነገው ተቀንሶ ነው የሚመጣው።

ብዙ ሹፌር የሰሊጥ ዘይት ቀብቶ ያበራ ነበር። ዘይቱ እስከ ቀትር ያምራል፤ ከዚያ አቧራው ይለጠፍበታል፣ ማታ በጨርቅ ሲጠረግም እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። በሰማያዊ ናይል ዳር በባልዲ ያጥቡ የነበሩ ልጆች የተሻለ ያውቁ ነበር፦ መጀመሪያ ውሃ በብዛት ማፍሰስ፣ አሸዋው በራሱ ሲወርድ ብቻ እጅ ማስገባት። ከደረቀ በኋላ ስስ ሰም ተቀብቶ ከተጠረገ አቧራው አይይዝም። ክሮሙ ላይ ትናንሽ የዝገት ነጥቦች ከታዩ የሲጋራ ፓኬት ውስጡን አሉሚኒየም ጨምድዶ፣ ውሃ ነክሮ ቀስ ብሎ ማሸት ነው፤ አሉሚኒየም ከክሮም ስለሚለሰልስ አይጭረውም።

በኋላ ከእስያ የመጡት መኪኖች ፓራውልታቸው ፕላስቲክ፣ ቸርኬያቸው አሉሚኒየም ሆነ። አሉሚኒየም ቸርኬ አዲስ ነገር አይደለም፤ ቡጋቲ እ.ኤ.አ. በ1924 በውድድር መኪናው ላይ አድርጎታል። እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን የድሮው እጅ አብሮ አልተለወጠም። አሲድም ሆነ ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየምን ይበላዋል፤ ላዩ ላይ ያለው መስታወት መሳይ ሽፋን አንዴ ከተላጠ የቸርኬው መልክ አይመለስም። ለእሱ ለስላሳ ሳሙናና ውሃ ይበቃዋል፤ ያውም ጎማው ከቀዘቀዘ በኋላ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ካርቱም ውስጥ ሲጀመር ይህ ሁሉ ተገለበጠ። መኪና መዘረፍ ሲበዛ የሚያብረቀርቅ ነገር ሁሉ ዓይን ይስብ ጀመር። ለዓመታት ያበራነውን ፓራውልት ጭቃ ለቀለቅነው። ኮፓዎቹን አውልቀን አልጋ ሥር አስገባን። በገዳሪፍና በገላባት መተማ የደረስነው አብዛኞቻችን መኪናችንን እዚያው ትተን ነው።

አሁን ብዙዎቻችን ጎንደርና አዲስ አበባ ነን። ነዳጅ የሚጠቀም የግል መኪና ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገባ እ.ኤ.አ. በ2024 ከተወሰነ ወዲህ ያለችንን አሮጌ መኪና ማቆየት ግድ ሆኗል። የደጋው አየር ግን እንደ ካርቱም አይደለም። ክሮም ራሱ ባይዝግም ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች አሉት፤ የክረምቱ እርጥበት በእነሱ ገብቶ ብረቱን ከሥር ይበላዋል፣ ክሮሙም እንደ ቅርፊት ይላጣል። ሐምሌ ሳይገባ ላቫጆ ስትወስዱ ልጁን የፓራውልቱን የውስጥ ጎን እንዲያጥብላችሁ ንገሩት። ጭቃው የሚያድረው እዚያ ነው፣ ዝገቱም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ውስጡ ሲደርቅ ግራሶ ይቀባ፤ ውጪውን ሰም።