ቅማል፣ ረሃብና ብግነት፦ የዋግ ትኩሳት ታሪክ

በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ከሰቆጣና ከዋግ ደጋ ቀዬውን ለቆ የተሰደደው ሕዝብ ካረፈባቸው ቦታዎች አንዱ ኮረም ነበር። እዚያ የገደለው ረሃብ ብቻ አልነበረም፤ በተጨናነቀው መጠለያ ተስቦና የሚያገረሽ ትኩሳት ተዛመቱ። ሁለቱንም የሚያስተላልፈው የልብስ ቅማል ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ለደጋው ብርድ ይሰጣል። ብርዱ ልብስ እያስደረበ ለቅማሉ መመቸቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ደጋው ሁልጊዜም ይበርዳል፣ ወረርሽኙ ግን የሚበረታው ሰው ተፈናቅሎ ተጨናንቆ ሲያድር፣ ውሃና ቅያሪ ልብስ ሲያጣ ነው።

ሆኖም የሞቱ ምክንያት በቅማልና በጀርም አያበቃም። የሚያገረሽ ትኩሳት የያዘው ሰው ፔኒሲሊን ወይም ቴትራሳይክሊን ሲወስድ በሰዓታት ውስጥ ብርቱ መንቀጥቀጥና ትኩሳት ይነሣበታል፣ የደም ግፊቱም ይወርዳል፤ አንዳንዱም ይሞታል። ታዲያ መድኃኒቱ ነው የገደለው? በአዲስ አበባ የተደረጉ ጥናቶች ሌላ ነገር አሳዩ፦ ጀርሙ ሲጠፋ ቲኤንኤፍ የተባለው የብግነት መልእክተኛ በደም ውስጥ ያሻቅባል። በ1996 እ.ኤ.አ. በታተመው ሙከራ፣ መልእክተኛውን የሚያግድ ፀረ እንግዳ አካል ከወሰዱት 20 ሕሙማን 10ሩ፣ ካልወሰዱት 29 ግን 26ቱ ይህ የመንቀጥቀጥና የትኩሳት ምላሽ ታየባቸው። ቲኤንኤፍ ከሕዋስ ተቀባይ ጋር ሲገናኝ፣ እንደ ሁኔታው፣ ካስፔዝ የተባሉ ኤንዛይሞችን አስነሥቶ ሕዋሱ በራሱ ሥርዓት እንዲሞት ሊያደርግ ይችላል። በምላሹ ሰዓት ነጭ የደም ሕዋሳት ከደም መመናመናቸው ግን ለዚህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ሕዋሳቱ ከደም ሥር ግድግዳ ጋር ተጣብቀውም ከቆጠራ ሊሰወሩ ይችላሉ። የመጨረሻውን ምት የሰነዘረው የሰውነት ምላሽ ቢሆንም፣ ሰውን ለዚያ ያጋለጠው መፈናቀልና መጨናነቅ ነው፤ ተጠያቂነቱም ከዚያ ይጀምራል።