በቅሎና ሞተር በመቄት ደጋ

በመቄት ደጋ ከጋሸና ተነስቶ በፍላቂት በኩል ወደ ደብረ ዘቢጥ የሚዘልቀው መንገድ የሚሄደው በውሃ መክፈያ ጀርባ ላይ ነው። በስተሰሜን የወረደው ዝናብ ተከዜን ይቀላቀላል፣ በስተደቡብ የወረደው ደግሞ በጅጣና በበሽሎ አድርጎ ዓባይ ይገባል። ይህን ጀርባ መጀመሪያ የመረጠው መሐንዲስ አይደለም። እግረኛና ባለ በቅሎ ከሱ በፊት መርጠውታል፤ ጀርባውን ይዞ የሚሄድ ሰው ብዙ ወንዝ አይሻገርምና። መስከረም ላይ ቆላው ገና በሙላት ተዘግቶ ሳለ ደጋው ያሳልፋል። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም፦ ጠዋት ጉም፣ ከሰዓት በኋላ የክረምቱ እንጥፍጣፊ ዝናብ፣ ከሥር ደግሞ ያልደረቀ ዋልካ። ዛሬ በዚህ ሁሉ መሃል ሞተር ብስክሌቱን እያስጓራ የሚያልፈውን ሰው ያየ አዲስ ዘመን መጣ ይላል። እኔ ግን ሞተሩ የበቅሎዋ ወራሽ ነው ባይ ነኝ፤ ከመኪናው ይልቅ ለሷ ይቀርባል።

ለዚህ ዋናው ማስረጃዬ ከዚሁ ደጋ ላይ በ1860 ዓ.ም. የተገኘ ነው። አፄ ቴዎድሮስ በመስከረም መጨረሻ ከደብረ ታቦር ሲነሱ በጋፋት ያሠሩትን መድፍ፣ ሴባስቶፖልን፣ በጎማ አልባ መንኮራኩር አስጎትተው ነበር። ክብደቱ ሰባ ኩንታል ያህል እንደነበር ይነገራል። በጋይንትና በጨጨሆ አልፈው፣ በዘቢጥ በኩል ዋድላ ገብተው፣ የጅጣን ገደል ወርደውና ወጥተው በደላንታ በኩል መቅደላ የደረሱት መጋቢት ላይ ነው። ባለ በቅሎ በቀናት የሚጨርሰው ጉዞ ወራት ፈጀ። መንኮራኩር መንገድ ይፈልጋል፤ መንገዱ አልነበረምና ቋጥኝ እየተፈለጠ፣ ዳገት እየተቆረጠ ተሠራ፤ ንጉሡ ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ ያነሱ ነበር። ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የጂኦግራፊ ሰው ክሌመንትስ ማርካም ያንን መንገድ አይቶ በአድናቆት ጽፏል። የጄኔራል ናፒየር ጦርም ወደ ጅጣ የወረደው ቴዎድሮስ ባስጠረጉት መንገድ ነው።

የናፒየር ጦር ግን የያዘውንም ማየት ያስፈልጋል። በጊዜው የዓለም ኃያል መንግሥት ጦር ነበር፤ ዙላ ወደብ ላይ የባቡር ሐዲድ ዘርግቷል። ወደ ላስታና ዋድላ ደጋ ሲዘልቅ ግን ስንቁንና ቀላል መድፎቹን በበቅሎ ጫነ፤ ለከባዶቹ መድፎች ከህንድ ያመጣቸው 44 ዝሆኖች ነበሩት። እንግሊዞቹ በአገሩ ልማድ ተጓዙ፤ መሬቱን ለመንኮራኩር ለማስገበር የታገሉት የአገሩ ንጉሥ ነበሩ። ይህ መገለባበጥ ሁልጊዜ ያስገርመኛል። መኪናም እንደ መድፉ መንገድ ካልተሠራለት አይሄድም፤ ሞተር ግን እንደ በቅሎዋ ባገኘው ጠባብ መንገድ ያልፋል።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል። ታሪኩን የቀየረው በደርግ ዘመን ቻይናዎች ከወልዲያ እስከ ወረታ የዘረጉት መንገድ ነው፤ ሕዝቡም እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ይህ መስመር ሲከፈት አውቶቡሱና የጭነት መኪናው መጡ፤ ታዲያ የበቅሎ ነገር እዚያው አላበቃም ወይ? ለረዥሙ ጉዞ በእርግጥ አብቅቷል። ከወሎ ወደ ጎንደር በበቅሎ የሚሻገር ነጋዴ ዛሬ የለም። ነገር ግን መንገዱ የያዘው ጀርባውን ብቻ ነው፤ የመቄት ሰው የሚኖረው ከጀርባው ግራና ቀኝ በሚወርዱት አፋፎችና ከአፋፉ በታች ባሉት መደቦች ነው። ፍላቂት ገበያ የሚወጣው እህል፣ ወደ ቀበሌ የሚወርደው የክትባት ሣጥን፣ የግብርናው ባለሙያ፣ ሁሉም ከአስፋልቱ ተገንጥሎ በአንድ እግር ስፋት መንገድ ያልፋል። የጭነት መኪና እዚያ አይገባም። በቅሎ ይገባል፤ ብዙ ቦታ ላይም ሞተር ይገባል። ሁለቱም አንድ ሰውና ጥቂት ጭነት ይይዛሉ፣ ሁለቱም ጠባብ መንገድ ይበቃቸዋል፣ ሁለቱም ነጂው መሬቱን በዓይኑ እየለካ እንዲሄድ ያስገድዳሉ። ቀድሞ በቅሎ የመኳንንትና የካህናት መጓጓዣ እንደነበረች ሁሉ ሞተሩም በመጀመሪያ የታየው በመንግሥት ሠራተኛና በእርዳታ ድርጅት ባልደረባ እጅ መሆኑ ዝምድናውን ያጠነክረዋል።

ሌላው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብደኛል፤ በቅሎ ሣር ትበላለች፣ ሞተር ቤንዚን። ይህ እውነት ነው፤ ጣጣውም በነዳጅ አያበቃም። ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፉ ከሩብ በላይ ይሳሳል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚያ ላይ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሞተሩ ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል። መስከረም ላይ ደግሞ ዋልካው በጎማውና በጭቃ መከላከያው መሃል ይጠቀጠቅና ጎማውን እንደ ፍሬን ይይዘዋል፤ ነጂው ወርዶ በእንጨት ይጎረጉራል። በቅሎም ጭቃ አትወድም፣ ግን እግሯን ነቅላ ታነሳለች። ስለዚህ ውርሱ ሙሉ ነው አልልም። እንዲያውም ሞተር ያን ያህል የሚመካበት ፍጥነት እንኳ በዚህ ወር ብዙ አይረባውም፤ ልዩነቱ የሚሰፋው ጥቅምት ገብቶ መሬቱ ሲጠና ነው። የድሮ ዘማች ክረምቱ እስኪወጣ ይጠብቅ የነበረውም በተመሳሳይ ምክንያት ነው።

ከዚህ አንጻር ሞተር በቅሎን ከየት አካባቢ እንዳስወጣት መለየት ይቻላል። ሜዳማው ደጋና የረገጠው ጥርጊያ የሞተር እየሆነ ነው። ገደሉና ድንጋያማው አቀበት ግን አሁንም የሷ ነው፤ ከጋሸና በስተሰሜን ላሊበላ ላይ፣ ከከተማዋ በላይ ወዳለችው አሸተን ማርያም እንግዳ በእግሩ ወይም በበቅሎ ይወጣል። የድንበሩ ምልክት የመሬቱ ቁልቁለት ስለሆነም በየዓመቱ ጥርጊያ በተጨመረ ቁጥር ወደ ታች ይገፋል፣ ክረምቱ ጥርጊያውን በሸረሸረ ቁጥር ደግሞ ወደ ላይ ይመለሳል።