የኮሶ ዘር፦ ከአበባው ታሪክ ጀርባ የቀረ ታሪክ



ዛሬ የማቀርበው ገለጻ ስለ አንድ የደጋ ደን ዛፍ፣ ስለ ኮሶ ነው። ዛፉን አይቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ስሙን ያውቀዋል፤ ምሬትን ስንገልጽ «እንደ ኮሶ» እንላለንና። ሆኖም ስለ ኮሶ የተጻፈው ታሪክ በአብዛኛው የአበባው፣ ማለትም የመድኃኒቱ ታሪክ ነው። እኔ የማነሣው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ይህን ያህል ዘመን የተፈለገ ዛፍ፣ ችግኙን ከዘር አፍልቶ ማልማት እንደ ባሕር ዛፍ ያልተስፋፋው ስለ ምንድን ነው?

በቅድሚያ የታወቀውን ታሪክ ባጭሩ ላስታውስ። ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር የኮሶ ትል የማይቀር እንግዳ ነበር። ሕዝቡም እንቆቆን፣ መተሬንና ሌሎችንም ዕፀዋት ለዚሁ ሲጠቀም ቢኖርም፣ ከሁሉ ስመ ጥር የሆነው ኮሶ ነው። እንዲያውም በሽታውም፣ መድኃኒቱም፣ ዛፉም በአንድ ስም ተጠሩ። ከእ.ኤ.አ. 1769 እስከ 1771 በአገራችን የቆየው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ዛፉን ከነሥዕሉ አስተዋወቀ፤ ለወዳጁ ለጆሴፍ ባንክስ መታሰቢያም «ባንክሲያ አቢሲኒካ» አለው። ይሁን እንጂ «ባንክሲያ» የሚለው መጠሪያ አስቀድሞ ለአውስትራሊያ ዕፀዋት ተሰጥቶ ስለ ነበር፣ በ1791 ጀርመናዊው ግሜሊን ዛሬ የምንጠቀምበትን «ሃጌኒያ አቢሲኒካ» የሚለውን ስም አጸደቀ። ስሙ የተወሰደው ከኬኒግስበርጉ የመድኃኒት ሊቅ ከካርል ጎትፍሪድ ሃገን ነው። በ1820ዎቹ ደግሞ በቁስጥንጥንያ ይሠራ የነበረው ፈረንሳዊው ሐኪም ብራየር መድኃኒቱን ለፓሪስ ሊቃውንት አሳወቀ፤ ኩንትም ዛፉን በእርሱ ስም «ብራየራ» ብሎ ሰየመው። እንግዲህ ባለቤቶቹ በአንድ ስም ሲጠሩት የኖሩት ዛፍ በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ሦስት የአውሮጳ ሰዎችን ስም ተሸከመ። በክፍለ ዘመኑ አጋማሽ የደረቀው አበባ በገመድ እየታሰረ በቀይ ባሕር በኩል ወደ አውሮጳ ይጫን፣ በመድኃኒት ቤቶችም ይሸጥ ነበር።

ወደ ዘሩ ልመለስ። ኮሶ ወንዴውና ሴቴው በተለያየ ዛፍ ላይ የሚገኝ ዕፅ ነው። ለመድኃኒት የሚመረጠው የሴቴው ቀላ ያለ የአበባ ዘለላ ሲሆን፣ የሚቆረጠውም ዘሩ በስሎ ከመርገፉ በፊት ነው። የጉዳዩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከቡና ፍሬውን የሚለቅም ገበሬ ዘሩንም በእጁ ይዟል፤ ከኮሶ መድኃኒት የሚለቅም ሰው ግን ዘሩን ገና ሳይወለድ ይቀጫል። መድኃኒቱና ዘሩ ከአንድ ዘለላ የሚገኙ ተቀናቃኞች ናቸው። ስለዚህ ዛፉን ለማብዛት የሚሻ ሰው፣ አንዳንዱን ሴቴ ዛፍ ሳይነካ መተው፣ በአካባቢውም ወንዴ መኖሩን ማረጋገጥ ግድ ይለዋል።

ዘሩን ማፍላት በራሱ ምሥጢር አይደለም። ዘለላው ቡናማ ሆኖ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ በጥላ ይሰጣል፤ በእጅ ታሽቶ ይበራያል። ዘሩ እጅግ ደቃቅና ነፋስ የሚያበንነው በመሆኑ፣ በለሰለሰ መደብ ላይ ተበትኖ ስስ አፈር ብቻ ይለብሳል፤ ውኃውም መደቡን እንዳይሸረሽረው በርጋታ ይረጫል። ችግኙ ሲጠና ወደ ፕላስቲክ ከረጢት፣ ቀጥሎም ወደ ሜዳ ይዛወራል። ብርሃን ወዳድ በመሆኑ በጥቅጥቅ ደን ጥላ ሥር አይበረታም፤ ገላጣ ስፍራ ላይ ግን ከብት ይጠብቀዋል።

አንዳንዶች «ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ ገበሬው አልደፈረውም» ይሉ ይሆናል። ይህን ክርክር ባሕር ዛፍ ያፈርሰዋል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ አጋማሽ የገባው ባሕር ዛፍም ዘሩ ደቃቅ ነው፤ ነገር ግን ከችግኝ መደብ ወጥቶ ደጋውን ሁሉ አለበሰ። ልዩነቱ ወዲህ ነው፦ ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ያድጋል፤ ተቆርጦ ያቆጠቁጣል፤ ከብትም አይበላውም። ለማገዶና ለቤት መሥሪያም ወዲያው ገንዘብ ይሆናል። ኮሶን ለመድኃኒት የሚፈልግ ቤተሰብ ግን ለዓመት የሚበቃውን ከአንድ ዛፍ ያገኛል፤ በአውሮጳ የአንድ ሰው መጠን እንኳ 15 ግራም ገደማ ነበር። ስለዚህ መድኃኒትነቱ የቆመውን ዛፍ ያስጠብቅ እንደ ሆነ እንጂ አዲስ ዛፍ የሚያስተክል ፍላጎት አልፈጠረም።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ እነ ኒክሎሳማይድ መጡ። ኮሶ መራራ ብቻ ሳይሆን፣ ልኬቱ ሲያልፍ ዓይንን እስከ መጉዳት የሚደርስ ስለ ነበር፣ ሰው በክኒን መለወጡ የሚያስቆጭ አይደለም። ነገር ግን የመድኃኒቱ መቅረት ዘሩን ነጻ ሲያወጣ፣ በእኔ አስተያየት፣ ዛፉን ጠባቂ አሳጣው። አበባው ሲረሳ ግንዱ ታወሰ፤ ለቤት ዕቃ የሚፈለገው ቀላ ያለ እንጨቱ ብቸኛ ዋጋው ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን ከጽድ፣ ከዝግባና ከዋንዛ ጋር ከቆረጣ ለመጠበቅ ሞክሯል። ሆኖም ክልከላ ያለውን ያቆያል እንጂ የሌለውን አያበቅልም።

ከዚህ የማገኘው ድምዳሜ ለታሪክ ተማሪዎች የሚጠቅም ይመስለኛል። አንድ ዕፅ መፈለጉ ብቻ ለመልማቱ ዋስትና አይሆንም፤ የሚፈለገው የትኛው ክፍሉ እንደ ሆነና መቼ እንደሚቆረጥ መመርመር ያሻል። የኮሶን አበባ በየትኛው ሳምንት እንደሚቆርጡ፣ የትኛውን ዛፍ እንደሚተዉ የሚያውቁ አረጋውያን ዛሬም በደጋው አሉ። ይህን ዕውቀት መዝግበን ለችግኝ ጣቢያዎቻችን ብናደርስ፣ ለታሪክ ትምህርትም ለደኑም ውለታ እንውላለን።